ዝላዩን የወረሱት

እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2017 «ክራሽ ባንዲኩት ኤን ሴን ትሪሎጂ» ለፕሌይስቴሽን 4 ገበያ ላይ ዋለ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1990ዎቹ ክራሽን ሲያዘልሉ ያደጉ፣ አሁን ግን ሥራና ቤተሰብ የያዛቸው ሰዎች የልጅነታቸውን ጌም ሊገዙ ተሻሙ። መልኩ አላሳፈራቸውም። የብርቱካናማው እንስሳ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጫካው ለምልሟል፤ ውኃው ያብረቀርቃል። ነገር የተበላሸው «ዘ ሃይ ሮድ» ከተባለው ድልድይ ሲደርሱ ነው። እንጨቱ የረገፈ ተንጠልጣይ ድልድይ ነው፤ ከሥሩ ጉም እንጂ መሬት የለም። ድሮ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሻገሩትን ክፍተት አሁን ለጥቂት እየሳቱት ይወድቃሉ። ደግመው ይሞክራሉ፤ ጫፉን ይረግጡና ተንሸራተው ይወርዳሉ።

ብዙዎቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት የገዛ ጣታቸውን ነበር። ዕድሜ እጅን ያዘገያል፣ አሉ። ያልተዋጠላቸው ግን አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን እያስኬዱ መለካት ጀመሩ። ጥፋቱ የጣት አልነበረም። አሳታሚው አክቲቪዥን ብዙም ሳይቆይ ነገሩን አመነ፦ ሦስቱን ጌሞች እንደ አዲስ የሠራው ቪካሪየስ ቪዥንስ የክራሽን አካሄድና አዘላለል ሲቀርጽ መነሻ ያደረገው ሦስተኛውን ጌም፣ የ1998ቱን «ዋርፕድ» ነበር። ስለዚህ በ1996ቱ የመጀመሪያ ጌም ውስጥ የሚዘለው ክራሽ የራሱ ዝላይ የለውም። ከድሮው ይልቅ ፈጥኖ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ዘላዩም የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ተጫዋቾቹ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩበት። ጌሙ ግጭትን የሚያሰላበት የማይታየው የክራሽ አካል ታቹ የተድቦለቦለ ስለሆነ፣ ጫፍ ላይ ሲያርፍ መቆም ትቶ ይንከባለላል።

ድልድዩ ግን አልተለወጠም። የተቀመጠው ለሌላ ዝላይ ተለክቶ ነው።

በዚህች ትንሽ ጠብ ውስጥ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ተጠቅልሎ ይገኛል። የድሮ የዝላይ ጌሞችን እንደገና የሚሠሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጨነቁት ለሥዕሉ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የሚወጣው እሱ ነውና። በጌሙ ውስጥ ለዓመታት የኖረው ሰው ግን በጣቱ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው።

ዝላይ በቪዲዮ ጌም ውስጥ ሁልጊዜ አልነበረም። የዘሩ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የ1980ው «ስፔስ ፓኒክ» ገጸ ባሕርዩን በመሰላል ያወጣውና ያወርደው ነበር እንጂ አያዘልለውም። በ1981 ሺጌሩ ሚያሞቶ ለኒንቴንዶ የሠራው «ዶንኪ ኮንግ» በርሜል የሚዘል አናጢ ይዞ መጣ። የሰውየው የመጀመሪያ ስም «ጃምፕማን» ነበር፤ ማሪዮ የተባለው በኋላ ነው። ከዚያም ሴፕቴምበር 13 ቀን 1985 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ጃፓን ውስጥ ሲወጣ፣ ዝላይ አንድ ወጥ እንቅስቃሴ መሆኑ ቀረ። ቁልፉን ነካ ያደረገ ሰው አጭር ይዘላል፤ ተጭኖ የያዘ ሰው ከፍ ይላል፤ ሮጦ የመጣ ደግሞ ከቆመው ይበልጣል።

ይህ ሁሉ 40 ኪሎባይት ውስጥ ተጠቅጥቆ ነው። ቦታ ከመጥፋቱ የተነሣ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው አረንጓዴ ተቀባ እንጂ። በቁጥሩ በኩል ግን ንፍገት አልነበረም። ማሽኑ የማሪዮን ፍጥነት የሚይዘው አንዱን ፒክስል ለ16 ሸንሽኖ ነው። ቁልፉ ተይዞ ሲወጣ የመሬት ስበቱ ይቀንሳል፤ ጣት ሲነሣ ስበቱ በአንዴ ይጨምራል። ማሪዮ በተጫዋቹ ፈቃድ የሚታዘዝ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ እየተሰላ የሚኖር ነገር ነው፤ ከቁጥሮቹ አንዷ ብትዛነፍ በዓይን አይታይም፤ ጣት ግን ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ትልቅ የዳግም ሥራ ከኒንቴንዶ ከራሱ መጣ። በ1993 ኩባንያው ለሱፐር ኒንቴንዶ «ሱፐር ማሪዮ ኦል ስታርስ»ን አወጣ። አራት የማሪዮ ጌሞች በአንድ ካርትሪጅ ናቸው፤ ከነሱም አንዱ፣ በጃፓን በ1986 የወጣው አስቸጋሪው ሁለተኛ ማሪዮ፣ ከሀገሩ ውጭ ሲሸጥ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ባዶ የነበረው ሰማይ ተራራና ኮረብታ ተሳለበት፤ ሙዚቃው ወፈረ፤ ጌሙን አቁሞ ሌላ ቀን መቀጠልም ተቻለ። የዳግም ሥራ ደንብ የሚመስለው ሁሉ፣ ማለትም አዲስ መልክ፣ አዲስ ድምፅና ትንሽ ምሕረት፣ እዚህ ላይ ተጀመረ።

ስሕተቱም አብሮ ተጀመረ። በ1985ቱ ጌም ማሪዮ ጡብ በራሱ ሲሰብር ወዲያው ወደ ታች ይመለሳል፤ በ1993ቱ ግን ጡቡን ሰብሮ ወደ ላይ መውጣቱን ይቀጥላል። ባለቤቱ ኩባንያ፣ በራሱ ጌም ላይ፣ ይህችን አሳለፋት። በ2010 ለማሪዮ 25ኛ ዓመት ይኸው ስብስብ በዊ ዲስክ ሲታተምም እንዳለ ቀረበ። አብዛኛው ሰው አላየውም። በሰዓት እየተሽቀዳደሙ ጌሙን የሚጨርሱት ግን እስከ ዛሬ ሁለቱን እንደ ተለያዩ ጌሞች ነው የሚቆጥሯቸው። እውነታቸውን ነው።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ገና ከመነሻው የተበላሸ ነበር። የጃፓንና የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ ፓል የሚባለው የአውሮፓ ሥርዓት በ50 ነበር የሚሄደው። ብዙ ኩባንያዎች ለዚህ ልዩነት ሳይጨነቁ ጌማቸውን እንደ ወረደ ስለ ሸጡት፣ ጌሞቹ 17 በመቶ ያህል ተንቀራፈቱ። ፍጥነቱ የሚወራለት ሶኒክ ራሱ ለንደንና ፓሪስ ሲደርስ ሩጫውም ሙዚቃውም ዝግ ያለ ነበር። እንግዲህ የፓሪሱን ልጅ ናፍቆት ለማርካት ጌሙን እንደገና የሚሠራ ሰው የትኛውን ሶኒክ ይሥራለት? ትክክለኛውን ወይስ የሚያስታውሰውን?

የሶኒክ ባለቤት ሴጋ በዚህ ረገድ የከፋ ታሪክ አለው። በ2006 የሶኒክን 15ኛ ዓመት ለማክበር የ1991ዱን ጌም ለጌም ቦይ አድቫንስ አቀረበ። የወጣው ነገር ለበዓል ቀርቶ ለአዘቦትም አይሆንም ነበር። ስክሪኑ ይንተባተባል፣ ሙዚቃው ይጎተታል፣ ዝላዩ ከባድ ነው። ማሽኑ አቅም የለውም ብሎ የተከራከረ አልጠፋም። ይህን ክርክር የዘጋው ሳይመን ቶምሊ የተባለ፣ የሶኒክን ኮድ መፍታትና መለወጥ እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ የያዘ ሰው ነው። በዚያው ማሽን ላይ ሶኒክን አቀላጥፎ የሚያስሮጥ ናሙና ለብቻው ሠርቶ በነፃ አወጣ። ደሞዝ የሚከፈለው ያቃተውን ያልተከፈለው ሠራው።

ከዚያ የተከተለው ለጌም ኢንዱስትሪ ያልተለመደ ነው። በ2009 ክርስቲያን ኋይትሄድ የተባለ አውስትራሊያዊ ፕሮግራመር «ሶኒክ ሲዲ» በአይፎን ላይ ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ። የተጠቀመው ኢሙሌተር፣ ማለትም አሮጌን ማሽን የሚያስመስል ሶፍትዌር፣ አልነበረም፤ የድሮዎቹን ሶኒኮች እንቅስቃሴ እንዲሸከም እሱ ራሱ የጻፈው «ሬትሮ ኤንጅን» የሚባል ሶፍትዌር ነው። ሴጋ ጠበቃ ሊልክበት ይችል ነበር። ሥራውን ገዛው። «ሶኒክ ሲዲ» በ2011፣ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ሶኒክ ደግሞ በ2013 በእሱ እጅ ተሠርተው ወጡ። በሁለተኛው ውስጥ ከ1992ቱ ጌም ተቆርጦ የቀረው «ሂደን ፓላስ» የተባለ ቦታ ተጠናቅቆ ተመለሰ።

በመጨረሻም በኦገስት 2017፣ የክራሽ ጭቅጭቅ ገና ሳይበርድ፣ ኋይትሄድ ከቶምሊና ፓጎዳዌስት ከሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ጋር ሆኖ «ሶኒክ ማኒያ»ን አወጣ። ጌሙ ከፊሉ አሮጌ ቦታዎችን ይወስድና መሐል ላይ ወደ አዲስ መንገድ ይገለብጣቸዋል፤ ከፊሉ ጭራሽ አዲስ ነው። ሥዕሉን ላይ ላዩን ያየ ሰው ከ1994 የተረፈ ነው ይላል። ሶኒክ ከዳገት ሲወርድ የሚያገኘው ፍጥነት፣ ተጠቅልሎ ሲንከባለል የሚያጣው፣ ከተራራ ጫፍ ሲወረወር የሚይዘው ቅስት ሁሉ በቦታው ነው። እነዚህ ሰዎች ያን ስሌት ለዓመታት ሲበረብሩት ኖረዋል፤ ሳይጠየቁ ያጠኑት ትምህርት ነበር።

መበርበሩ የግድ ነበር፤ ምክንያቱም ሰነዱ ብዙ ጊዜ የለም። በ1980ዎቹ ጌም የሚሠሩ ኩባንያዎች ጌሙ ከተሸጠ በኋላ ኮዱን አይፈልጉትም ነበር። ዲስኩ ይጠፋል፣ ይደመሰሳል፣ ሠራተኛው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። የጆርዳን ሜክነር ታሪክ ከዕድለኞቹ የሚቆጠር ነው። ሜክነር «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ»ን በ1989 ለአፕል 2 ሲሠራ የልዑሉን እንቅስቃሴ ከሐሳቡ አላመነጨውም። ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ በአንድ መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀረጸው፤ ከዚያም ምስሉን እርምጃ በእርምጃ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠው። ልዑሉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ የሚያመነታው፣ ሲዘል አካሉ የሚከብደው እውነተኛ የሰው ልጅ ስለሆነ ነው። የጌሙን ሙዚቃ የደረሰው ደግሞ አባታቸው ፍራንሲስ ነበር።

ኮዱ ግን ጠፋ። በ2007 ጌምሎፍት የተባለው ኩባንያ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ክላሲክ»ን ሲሠራ የሜክነር ዲስኮች የት እንዳሉ የሚያውቅ አልነበረም። በ2012 አባትየው ከቤታቸው ቁምሳጥን ጀርባ አንድ ሳጥን አግኝቶ ለልጁ ላከለት፤ ውስጡ የጠፋው ኮድ ያለባቸው ፍሎፒ ዲስኮች ነበሩ። ሃያ ዓመት ያለፈው ፍሎፒ ማንበብ ቀላል ስላልሆነ ጄሰን ስኮትና ቶኒ ዲያዝ የተባሉ የድሮ ኮምፒውተር አዋቂዎች መጡ፤ ኮዱ ተነበበ፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ሜክነር ለማንም ሰው በነፃ አስቀመጠው። ክራሽን እንደገና የሠሩት ይህን ዕድል አላገኙም። ከሶኒና ከፈጣሪው ስቱዲዮ ከኖቲ ዶግ የደረሳቸው የቦታዎቹ ቅርጽ ብቻ ነበር፤ እሱም ግራ በሚያጋባ አሮጌ ፎርማት። የድልድዩ መለኪያ ተረፈ፤ የዝላዩ ኮድ አልደረሰም። ከዚያ በኋላ የተፈጠረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ከነዚህ ሁሉ መሐል ግን ለጉዳዩ መልስ አገኘ ሊባል የሚችለው ከታላላቆቹ አንዱ አይደለም። «ወንደር ቦይ፦ ዘ ድራገንስ ትራፕ» ይባላል።

የዚህ ጌም የትውልድ ሐረግ ራሱ ጉድ ነው። ሪዩዪቺ ኒሺዛዋ ዌስቶን በተባለው ትንሽ የጃፓን ኩባንያ «ወንደር ቦይ»ን ሲፈጥር፣ ስሙና ገጸ ባሕርዩ የሴጋ ሆኑ፤ የጌሙ አካል ግን የፈጣሪዎቹ ቀረ። ስለዚህ ሀድሰን የተባለ ሌላ ኩባንያ ጌሙን ገዝቶ ጀግናውን ብቻ ቀየረና «አድቬንቸር አይላንድ» ብሎ ለኒንቴንዶ ማሽን ሸጠው። በ1989 ለሴጋ ማስተር ሲስተም የወጣው «ዘ ድራገንስ ትራፕ»ም ያው ዕጣ ደረሰው። ሀድሰን «ድራገንስ ከርስ» አለው። ማስተር ሲስተም ከማንኛውም ሀገር ይልቅ በተወደደበት ብራዚል ደግሞ ቴክቶይ የተባለው አከፋፋይ ጀግናውን አውጥቶ የሀገሬው ልጆች የሚያውቋትን የማውሪሲዮ ዴ ሶዛን የካርቱን ልጅ፣ ሞኒካን፣ አስገባበት። አንድ ጌም፣ አንድ ዝላይ፣ ሦስት ፊት።

ጌሙ ውስጥ ያለው ጀግና ራሱ አንድ ፊት የለውም። ገና ሲጀመር ዘንዶ ገድሎ ይረገማል፤ እንሽላሊት ይሆናል። እሳት መትፋት ይችላል እንጂ ጋሻ መያዝ አይችልም። እርግማኑን ለመፍታት ሌሎቹን ዘንዶዎች ሲገድል ሌላ እርግማን ይጨመርበታል። አይጥ ሲሆን ትንሽ ነው፣ ግን ልዩ ምልክት ባለው ግድግዳ ላይ ይራመዳል፤ ፒራና ሲሆን ይዋኛል፤ አንበሳ ሲሆን ሰይፉ ሰፊ ይሆናል፤ ጭልፊት ሲሆን ይበርራል። ትናንት ያለፈበትን ቦታ ዛሬ በሌላ አካል ሲመጣበት ያላየውን በር ያያል።

ይህን ጌም ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ሰዎች አነሡት፤ ፕሮግራመሩ ኦማር ኮርኑና ሠዓሊው ቤን ፊኬ። ኮርኑ ለማስተር ሲስተም እንግዳ አልነበረም። ገና በወጣትነቱ «ሜካ» የሚባለውን የዚህን ማሽን ኢሙሌተር የጻፈ፣ ለማሽኑ ጌሞችም የተሟላ መዝገብ ያቋቋመ ሰው ነው። የ1989ኙን ጌም ኮድ በእጁ የሰጠው ሰው የለም። ካርትሪጁ ውስጥ ያለውን፣ ለዜድ 80 ፕሮሰሰር የተጻፈውን ትእዛዝ፣ መስመር በመስመር ፈታው። የጀግናውን ፍጥነት፣ የጠላቶቹን አረማመድ፣ ሳንቲም ሲወድቅ የሚነጥርበትን ልክ ከዚያ አወጣ። ኒሺዛዋም ሥራውን ባረከላቸው።

ፊኬ ደግሞ ተቃራኒውን ሥራ ያዘ። ማስተር ሲስተም ከጀግናው ኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው አንድ ቀለም የተቀባ ባዶ ሰማይ ነበር። ስለዚህ ፊኬ የሚገለብጠው ነገር አልነበረውም፤ መፈልሰፍ ነበረበት። በእጁ እየሣለ መንደሩን በሱቆች፣ በረሐውን በአሸዋና በፍርስራሽ ሞላው፤ ለእንሽላሊቱ አረማመድ፣ ለአይጡም ኩራት ሰጠው። በኤፕሪል 2017 ጌሙ ሲወጣ ከሁሉ ያስገረመው ግን አንዲት ቁልፍ ናት። ተጫዋቹ መሐል አየር ላይ እያለ ሲነካት የፊኬ ሥዕል ተጠርጎ ይሄድና የ1989ኙ ስክሪን ከሥሩ ይወጣል። ዝላዩ አይቋረጥም፤ ጀግናው ከዘለለበት ዓለም በሌላው ያርፋል። ድምፁም ለብቻው እንዲሁ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ጌሙን ለማድነቅ አያመነታም። የምስል ብልጠት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ባላስደነቀ። ቁልፏ ግን ምስክር ናት። አሮጌው ሥዕልና አዲሱ ሥዕል በአንድ ቅጽበት ሊቀያየሩ የሚችሉት ከሥራቸው ያለው ስሌት አንድ ከሆነ ብቻ ነው። የቪካሪየስ ቪዥንስ ሰዎች እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢያስገቡ ክራሽ በየዝላዩ ይሰበር ነበር። ሌላም ማረጋገጫ አለ። በ1989 ጌሙን አቋርጦ ለመቀጠል በወረቀት የሚጻፍ የይለፍ ቃል ያስፈልግ ነበር። ያን ጊዜ የጻፈውን ወረቀት ያልጣለ ሰው በአዲሱ ጌም ላይ ቢያስገባው ይሠራል፤ የልጅነቱን ገንዘብና መሣሪያ መልሶ ያገኛል።

ታማኝነት ብቻውን ግን ጌም አይሠራም፤ በተቃራኒው መንገድ የተሳካላቸው አሉ። ካፕኮም በ1989 ከሠራው «ዳክቴልስ» ውስጥ ስክሩጅ የተባለው ሀብታም ዳክዬ በከዘራው ላይ እየነጠረ ይሄዳል። ይህን ለማድረግ አየር ላይ ሳለ ወደ ታችና ሌላ ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ያስፈልግ ነበር። ዌይፎርዋርድ በ2013 ጌሙን እንደ አዲስ ሲሠራው አንድ ቁልፍ መያዝ በቂ እንዲሆን አደረገ፤ የለመደው ሰው ግን የድሮውን መምረጥ ይችላል። ይህ ጥሩ ፍርድ ነበር። ስክሩጅን እንዲናገር ያመጡት ደግሞ ከ1983 ጀምሮ ድምፁ የነበረውን አለን ያንግን ነው፤ ያን ጊዜ 93 ዓመቱ ነበር። ችግሩ ድምፁን ካመጡት በኋላ ማቆም አለመቻላቸው ነው። ድሮ በዝምታ የሚሻገሩት ዋሻ አሁን በየእርምጃው ወሬ ይቋረጥበታል። ሰው ለመዝለል መጥቶ ቆሞ ያዳምጣል።

ያም ሆኖ ጌሙ አንድ ጊዜ ከዲጂታል ገበያ ጠፍቶ ነበር። ዳክዬዎቹ የዲዝኒ ናቸውና በኦገስት 2019 ካፕኮም አነሣው፤ በማርች 2020 ተመለሰ። ለሰባት ወራት ያህል የ2013ቱን ዳግም ሥራ በዲጂታል መግዛት አልተቻለም ማለት ነው። አሮጌው ካርትሪጅ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል፤ በዲጂታል የተሸጠውን ቅጂ ግን ከማንም ሁለተኛ እጅ መግዛት አይቻልም።

ሴጋ አድናቂዎቹን ቀጠረ ተብሏል። ኒንቴንዶ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ሚልተን ጉዋስቲ የተባለ አርጀንቲናዊ በ1991 ለጌም ቦይ የወጣውን፣ ቀለም አልባውን «ሜትሮይድ 2» ለብቻው እንደ አዲስ መሥራት ጀመረ፤ ብዙ ዓመት ፈጀበት። በኦገስት 6 ቀን 2016፣ ሜትሮይድ 30 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ያለ አንዳች ክፍያ ለቀቀው። ኒንቴንዶ በቀናት ውስጥ ፋይሎቹን ከየቦታው አስነሣ። ብዙዎች እንደ ክፋት ቆጠሩት፤ ነገር ግን ኩባንያው ያን ጊዜ ለማንም ያልተናገረው ምስጢር ነበረው። በሴፕቴምበር 2017 የስፔኑ ሜርኩሪ ስቲም የሠራው፣ የዚያው ጌም ሕጋዊ ዳግም ሥራ «ሳመስ ሪተርንስ» ለ3ዲኤስ ወጣ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁለት ዓይነት ትዝታ ያያል። ስፔናውያኑ ለጌሙ ጀግና ለሳመስ ጠላትን መልሶ የመምታት ስልትና በየትኛውም አቅጣጫ የማነጣጠር ነፃነት ሰጧት፤ ጌሙም ወደ ውጊያ አዘነበለ። የአርጀንቲናዊው ሳመስ ግን ቀላል ናት፤ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ጠርዝ ይዛ ትወጣለች። ጉዋስቲ በዚያው በ2016 ሥራውን ቢያቆምም ጌሙ አልቆመም። ሌሎች ሰዎች የለቀቀውን ፋይል ፈትተው፣ ኮዱን መልሰው አውጥተው፣ ስሕተቱን እያረሙና እየጨመሩበት እስከ ዛሬ ያሻሽሉታል። እሱ ራሱ በሞን ስቱዲዮስ ተቀጠረ፤ በማርች 2020 የወጣውን «ኦሪ ኤንድ ዘ ዊል ኦቭ ዘ ዊስፕስ»ን፣ የማንም ዳግም ሥራ ያልሆነ አዲስ የዝላይ ጌም፣ ከሠሩት አንዱ ሆነ።